ፍልሰታን የጾመው ዓሣ

ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር እኔ ከመወለዴ በፊት የተጀመረ ነው፤ ከሞትኩም በኋላ የሚያልቅ አይመስለኝም። በክርክሩ ገብቼ አላውቅም። እኔ ያደረግኩት ከዚያ ያለፈ ነው፤ ዓሣውን ራሱን አስጾምኩት። ሐረር ላይ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ የሳይንስ መምህር ነኝ የሚል ጎረምሳ አንድ ጣት የሚያክል የባሕር ዓሣ ፍልሰታን አስጾመ ቢሏችሁ «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ብላችሁ ታልፉ ይሆናል። ጎረምሳው እኔ ነኝ። ጉዱም የተሰማው በእርግጥ መስከረም ላይ ነው።

ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት እዚያው ሐረር ነው። አያቴ ከሸዋ መጥተው ከግንቡ ውጪ ቤት ከሠሩት ሰዎች አንዱ ስለነበሩ እናቴ ስለ ከተማው ስታወራ እሳቸው የቆረቆሩት ነበር የሚመስላት፤ ግንቡ ከአያቴ በፊት ስንት መቶ ዓመት እንደቆመ የሚነግራት ደፋር አልተገኘም። እኔም የእሷ ልጅ ነኝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣሁ ገና አንድ ዓመቴ፣ ቅጥሬም ጊዜያዊ ሆኖ ሳለ ደረት ኪሴ ላይ ሁለት ብዕር ሰክቼ እንጎራደዳለሁ። አንደኛው አይጽፍም። ተማሪ የማላውቀውን ነገር ሲጠይቀኝ «እሱ እንኳ ሰፊ ርእስ ነው» እላለሁ። በዚህች ዓረፍተ ነገር አንድ ሙሉ ዓመት አስተምሬአለሁ።

በትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክፍል ውስጥ የባሕር ውሃ የያዘ የመስታወት ገንዳ ነበር። አንድ ሰው አቅፎ የሚያነሳው ዓይነት ትንሽ ገንዳ ነው። ያቋቋሙት ሚስተር ጃኮብ የሚባሉ ህንዳዊ መምህር ናቸው። ውሃው ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ ዳገቱን በጭነት መኪና ወጥቶ ደምጃን በሚባል ትልቅ የመስታወት ገንቦ ይመጣላቸዋል። ከታች አሸዋና የባሕር ድንጋይ፣ ከጎን አየር የምትነፋ ትንሽ ሞተር፣ በውስጡ አምስት ዓሣዎች። ተማሪው ሁሉ የሚወደው ብርቱካናማው ነበር። ጎኑ ላይ ነጫጭ መስመሮች ስላሉት ማዕረግ ነው ብለው «ሻለቃ» አሉት።

ሐምሌ ላይ የሚስተር ጃኮብ ኮንትራት አለቀና ገንዳውን ለእኔ አደራ ሰጥተው ወደ አገራቸው ሄዱ። መመሪያውን በአማርኛ አስጽፈው ግድግዳው ላይ ለጥፈውታል። በቀን አንድ ጊዜ አንድ ቁንጥር የደረቀ ሽሪምፕ፤ እሱ ሲያልቅ በደቃቁ የተከተፈ ቀይ ሥጋ። ዱቄትና ዳቦ ፈጽሞ አይሰጥ። ገንዳው ፀሐይ እንዳያገኘው። እኔ ወረቀቱን አንድ ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለት ጊዜ ማንበብ የደካማ ተማሪ ሥራ ነው ብዬ ነበር የማምነው።

ሽሪምፑ ያለቀው ፍልሰታ በገባ በማግስቱ ነው። የክርስቲያኑ ሉካንዳ ተዘግቷል። የእስላሙ ሉካንዳ ክፍት ነው፤ ግን የእናቴ ልጅ በፍልሰታ እስላም ሉካንዳ ደጃፍ ቆሞ ቢታይ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ይገባል። አሰብኩ፣ አወጣሁ፣ አወረድኩ። ከዚያ አንድ ሊቅ የሚያገኘውን መፍትሔ አገኘሁ፤ በሶ። ሰው አሥራ አምስት ቀን በበሶ ከኖረ ዓሣ የማይኖርበት ምክንያት አልታየኝም። ደግሞም ክፍሉ ጨለመብኝና ገንዳውን ገፍቼ መስኮቱ ሥር አደረግኩት፤ ፍጥረት ሁሉ ፀሐይ ይወዳል ብዬ።

ይህንን ከጨረስኩ በኋላ የክፍሉን የጽዳት ሠራተኛ እትዬ አስካለን ጠርቼ አንድ ከረጢት በሶ ከነመስፈሪያ ጣሳው አስረከብኳቸው። «በየጠዋቱ አንድ እፍኝ ይበትኑለት» አልኩ።

«እፍኝ? ለዚህች ፍጥረት?» አሉ።

«እሱ ሰፊ ርእስ ነው» ብዬ አጎቴ ዘንድ ወደ ጅጅጋ ሄድኩ።

እትዬ አስካለ አሥራ ሁለት ዓመት በትምህርት ቤቱ የሠሩ ሴት ናቸው። ማንበብ አይችሉም። ግቢው ውስጥ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ ክፍሏ የሥራቸው ናት፣ ሥራው ከቀረ ክፍሏም ትቀራለች። የታዘዙትን ሳያጓድሉ ሠሩ። ፍልሰታ ተፈታ፣ ለዓሣው ግን የነገረው የለም። ጳጉሜም አለፈ፤ በሶው ቀጠለ።

መስከረም ላይ ተመልሼ የክፍሉን በር ስከፍት ሽታው ነው የተቀበለኝ። ገንዳው የጎመን ድስት መስሏል። መስታወቱን አረንጓዴ አልጌ ሸፍኖት ውስጡ አይታይም። በጣቴ ፋቅ አድርጌ ሳይ ድንጋዩ ላይ ጠጉር የመሰለ ነገር በቅሏል፤ ጥቃቅን ቀንድ አውጣዎች ግድግዳውን ይወጣሉ፤ አሸዋው ውስጥ እሾሃም ትሎች ይርመሰመሳሉ፤ በየስንጥቁ ደግሞ ብርጭቆ የመሰሉ፣ ሲነኳቸው ሽምቅቅ የሚሉ አበባ መሳዮች ፈልተዋል። ከአምስቱ ዓሣዎች ሻለቃ ብቻ ጥግ ይዞ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ምን አደረግኩ? በሩን ዘጋሁት፤ እትዬ አስካለን በሶውን ያቁሙ ማለት እንኳ ትዝ አላለኝም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ትምህርቱን ውጪ ዛፍ ሥር አስተማርኩ፤ «ሳይንስ በተፈጥሮ ውስጥ» ብዬ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ዳይሬክተሩ አቶ ክንፈ በሩን ከፈቱት። ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ትልቅ ሰው ሊጎበኙን ይመጣሉ። አቶ ክንፈ ለእንግዳ ሲሉ የዛፍ ግንድ ኖራ የሚያስቀቡ፣ የመንገዱን ድንጋይ ነጭ የሚያስለቀልቁ ሰው ናቸው፤ ለማስጎብኘት ያሰቡት ዋናው ነገር ደግሞ ይኸው ገንዳ ነበር። እኔ ስደርስ እትዬ አስካለ የበሶ ጣሳቸውን ይዘው እንደ ሁልጊዜው ሊበትኑ ሲሉ ተይዘዋል።

አቶ ክንፈ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት በጣታቸው እየመቱ «ዱቄት ፈጽሞ አይሰጥ ይላል! አንቺ በሶ ትበትኛለሽ?» ይላሉ።

«እኔ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት» አሉ እትዬ አስካለ። ተመለከቱኝ።

አቶ ክንፈም ወደ እኔ ዞሩ። «መመሪያ አልሰጠሃትም?»

«ሰጥቻለሁ» አልኩ። ይህ እውነት ነበር። ምን ብዬ እንደሰጠሁ ግን አልጠየቁኝም። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ጣራውን አየሁ። እትዬ አስካለ ጣሳቸውን ዘጉ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው እንዴት ቀላል ሥራ እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ፤ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

«ሰኞ ክፍሏን ለቃ ትወጣለች» አሉ አቶ ክንፈ።

ይህም ቢሆን እውነቱን ለመናገር አላበቃኝም። ያበቃኝ ለዘዴ ነው። «ጌታዬ፣ እስከ ቅዳሜ ገንዳውን አድነዋለሁ። ከዳነ ይማሯቸዋል?» አልኩ።

«አድነውና እናያለን» ብለው ወጡ።

እናያለንን እሺ ብዬ ተረጎምኩት። እትዬ አስካለ መጥረጊያቸውን አንስተው በአጠገቤ ሲያልፉ፣ ሳያዩኝ፣ «ለህንዱ ውሃውን ያመጡላቸው የነበሩት አው ሙሜ ናቸው፤ ኤረር በር ጨው የሚሸጡት» አሉ።

አው ሙሜን ከግንቡ በሮች አንዱ በሆነው ኤረር በር፣ ከጨው ከረጢቶቻቸው መሃል ተቀምጠው አገኘኋቸው። የሐረር ሰው ናቸው፣ በወጣትነታቸው ከዘይላ እስከ ኤደን በጀልባ የተመላለሱ፤ ጢማቸው በሂና የቀላ ሽማግሌ። ሁኔታዬን አይተው «ምን ሆንክ አቦ፣ ሰው ሞተብህ?» አሉኝ።

«ዓሣ ሊሞትብኝ ነው።»

«ኢና ሊላህ» አሉና ሱቃቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው ተከተሉኝ።

ገንዳው ፊት ቆሙ። ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና ተፉት። «ሱብሐነላህ! ይሄ ባሕር አይደለም፣ ሾርባ ነው። ምንድነው ያበላችሁት?»

«በሶ።»

«ምን?»

«ፍልሰታ ነበር… ሥጋ…»

አው ሙሜ አተኩረው አዩኝ። «ዓሣው ክርስቲያን ነው?»

የገንዳውን መስታወት በእጅጌዬ መጥረግ ጀመርኩ።

«ዋሪያ፣ ጠየቅኩህ እኮ! ማን አጠመቀው?» ብለው መሳቅ ጀመሩ። ኩፊያቸው ወደቀ። ወንበር ፈልገው ተቀምጠው ሳቁ፤ እንባቸውን ጠርገው እንደገና ሳቁ። ከዚያ ድንገት ቆም አሉና «ሴትዮዋ ናት ያበላሸችው ሲሉ ግቢው በር ላይ ሰማሁ። እሷ ናት ወይስ አንተ?» አሉ።

«እኔ ነኝ አዛዡ።»

«ለአለቃህ ነግረሃል?»

«ገንዳው ከዳነ ይምሯቸዋል።»

አው ሙሜ ጢማቸውን አሻሹ። «እኔ የማውቀው ውሃ ነው። በል እጅጌህን ሰብስብ» አሉ።

እኔ ሁሉን ደፍቼ፣ ድንጋዩን በእንዶድ አጥቤ፣ እንደ አዲስ ልሞላው ነበር ያሰብኩት። አው ሙሜ እጄን ያዙኝ። «ሁሉን ካወጣህ ዛሬውኑ ይሞታል። በእንዶድ ካጠብከው ደግሞ ከዛሬም በፊት ይሞታል። ትንሽ ታወጣለህ፣ ትንሽ ትጨምራለህ። ህንዱ ያስቀመጠው ውሃ የት አለ? ስድስት ደምጃን አምጥቼለት ነበር።»

ደምጃኖቹ ከጠረጴዛው ሥር ነበሩ። አራቱ ባዶ ናቸው፤ ዛፍ ሥር ለማስተምርበት ተንቀሳቃሽ ሰሌዳ ማጠቢያ አድርጌአቸዋለሁ። ሰሌዳው በደረቀ ቁጥር ነጭ ነጭ የሚለው ለምን እንደሆነ ሁለት ሳምንት ሲገርመኝ ነበር። አው ሙሜ ይህንን ስነግራቸው አልሳቁም፤ የሳቅ አቅማቸው አልቆ ነበር።

ከዚያ ሥራ ጀመርን። ገንዳውን ከመስኮቱ አራቅነው። መስታወቱን በምላጭ ፋቅሁት። አሸዋው ላይ የተኛውን የበሶ ዝቃጭ በላስቲክ ቱቦ ለመሳብ ጫፉን በአፌ ስስብ አንድ ጉንጭ ሙሉ ዋጥኩ፤ በሕይወቴ የቀመስኩት በሶ ሁሉ ከዚያ ቀን ወዲህ አስጠልቶኝ ቀርቷል። ቀንድ አውጣዎቹን አንድ በአንድ ለቀምኩ። አንዱን ትል በባዶ እጄ ይዤ ጣቴ በማይታይ እሾህ ተሞልቶ እንደ ሙዝ አበጠ። «ለትሉ ወጥመድ ነው እንጂ እጅ አይሰጥም» አሉ አው ሙሜና ከኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ሥጋ አወጡ።

«የምን ሥጋ ነው?»

«የግመል።»

ዕለቱ ረቡዕ ነው። እኔ የእናቴ ልጅ ነኝ። የግመል ሥጋ በረቡዕ በጣቶቼ ይዤ ጠባብ አፍ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩ፤ ሰማይ አልወደቀም። ጠርሙሱን አሸዋው ላይ አስተኝተን ገንዳውን በጥቁር ጨርቅ ሸፈንነው። ሐሙስ ጠዋት ስንገልጠው ጠርሙሱ በትል ተሞልቷል። የእኔ ተማሪዎች በእንዲህ ያለ ፍላጎት ክፍል ገብተው አያውቁም።

ሐሙስን በድንጋዮቹ ላይ አሳለፍን። ጠጉሩን በጥርስ ብሩሽ፣ ከገንዳው በወጣው ውሃ እየነከርን ፈገፈግን። አበባ መሳዮቹን ደግሞ አው ሙሜ «ከተቆረጡ ይበዛሉ፤ አትቁረጥ» ብለው የሎሚ ጭማቂ በስሪንጅ እየወጉ ገደሏቸው። ከአንዱ ደምጃን ቀስ እያልን ጨመርን። ማምሻውን መስታወቱ ጠርቶ ሻለቃን ወለል አድርጎ አሳየን። ቀለሙ ገርጥቷል፣ ክንፉ ተቀዷል፤ ጡረታ የወጣ ሻለቃ ነው የሚመስለው። ቢሆንም ደስ አለኝ፤ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሻለቃ በጎኑ ተኛ።

አው ሙሜ ጁምዓ ሰግደው እስኪመለሱ እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ትንፋሹ ይታያል፤ ግን አሸዋው ላይ ተኝቷል። ሰኞ ክፍሏን ለቃ ትወጣለች የሚለው የአቶ ክንፈ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ይጮሃል። የቀረውን ደምጃን አንስቼ ሙሉውን ልገለብጠው ስል አው ሙሜ ከበሩ «ተው!» አሉ።

«እየሞተ ነው!»

«ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱን አፍርሰህበታል። አንተ ብትሆን አትተኛም? እጅህን ሰብስብና ተቀመጥ።»

«ከሞተስ?»

«ከሞተ ሞተ። ገዳይ ግን አንተ አትሁን። ውሃው መልካም ነው አሁን። ሸፍነውና ተወው።»

በሕይወቴ እንደዚያ ከሰዓት የከበደኝ ሥራ የለም። ምንም አለማድረግ ነበር ሥራው። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ጥቁሩን ጨርቅ እያየሁ ተቀመጥኩ፤ ለቁልቢው ገብርኤል ምን ያልተሳልኩት ነገር አለ? አንዴም ግን ተነስቼ ሃምሳ እርምጃ ወደማይሞላው ወደ አቶ ክንፈ ቢሮ ልሂድ አላልኩም። ከመናገር ይልቅ ከመላእክት ጋር መደራደር ቀሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ጨርቁን ስገልጥ ሻለቃ መሃል ላይ ቆሞ ይዋኛል። የግመል ሥጋ ቁንጥር ጣልኩለት፤ ዘሎ ዋጣት። አው ሙሜ «አልሐምዱሊላህ፣ ጾሙን ፈታ» አሉና ትከሻዬን መትተው ወደ ሱቃቸው ሄዱ። እኔ ግን አለቀስኩ፤ ለምን ይደበቃል።

ትልቁ ሰው አራት ሰዓት ላይ ደረሱ። ነጭ የተቀባውን ድንጋይ አላዩም፤ የተቀባውን ዛፍ አላዩም። ክፍላችን ሲገቡ ግን ገንዳው ላይ ቆሙ። ጎንበስ ብለው ሻለቃን ተመለከቱና «ይኼ ይበላል?» አሉ።

አቶ ክንፈ ከልባቸው ሳቁ። ቀጥለው ደረታቸውን ነፉ። «ክቡርነትዎ፣ ይህ ገንዳ ከሦስት ቀን በፊት በአንዲት ቸልተኛ ሠራተኛ ምክንያት ረግረግ ሆኖ ነበር። ይህ ወጣት መምህር በሦስት ቀን አዳነው። የተማረ ሰው ሲይዘው እንዲህ ነው። ሠራተኛዋ ላይም እርምጃ ወስደናል፤ ሰኞ ትሰናበታለች።»

ጆሮዬን አላመንኩም። በሦስት ቀን ያጠራሁት መስታወት ሁሉ የእትዬ አስካለ ጥፋት ማስረጃ ሆኖ አረፈው። ገንዳው ቆሽሾ ቢቀር እንኳ የሚጠየቅ ሌላ ሰው ሊፈለግ ይችል ነበር፤ እኔ አጽድቼው ጥፋቱን በእትዬ አስካለ ላይ አተምኩት። እሳቸው በር ላይ ቆመዋል። ዛሬ አላዩኝም፤ ወለሉን ነው የሚያዩት።

እንግዳው እጄን ጨበጡ። «ጎበዝ። ምን ነበር ችግሩ?»

«ዓሣውን ፍልሰታ አስጾሜው ነው» አልኩ።

ሁሉም ሳቀ። እንግዳው «ቀልደኛ መምህር አላችሁ» አሉ። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ተናግሬአለሁ ብዬ ኅሊናዬን ልሸነግለው፣ እነሱም ቀልድ ነው ብለው ሊያልፉት፣ ሁላችንም ልንስማማ እንችል ነበር።

«አልቀለድኩም ጌታዬ። በሶውን የሰጠሁ እኔ ነኝ። እፍኝ ይበትኑ ያልኩም እኔ ነኝ። መስኮቱ ሥር ያደረግኩትም እኔ ነኝ። ወረቀቱን አንብቤዋለሁ፤ እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ረቡዕ ዕለት ስጠየቅ ዝም አልኩ። እትዬ አስካለ የሚሰናበቱበት ምክንያት የለም።»

ሳቁ ሞተ። እንግዳው አቶ ክንፈን አዩ፤ አቶ ክንፈ ወረቀቱን አዩ። «እንግዲህ ይጣራ» ብለው እንግዳው ወጡ። ተጣራ። እትዬ አስካለ ከነክፍላቸው ቀሩ። እኔም በአሥራ አምስተኛው ቀን «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» የሚል ደብዳቤ ደርሶኝ ውሃ በግመል ወደሚጫንበት የኦጋዴን በረሃ ተዛወርኩ። ስለ ባሕር ያለኝን ዕውቀት እዚያ ሳይፈልጉት አልቀሩም።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ይህንን ታሪክ ለብዙ ዓመታት እዚህ ላይ ነበር የማቆመው። ሰው ሁሉ ይስቅና ቀጥሎ «ጀግና ነህ» ይለኛል፤ እኔም አንገቴን ደፋ አድርጌ እቀበላለሁ፤ ትሕትና ስለሚያምርብኝ። ዛሬ ግን አርጅቻለሁና የቀረውን ልንገራችሁ። ያ ቅዳሜ ጀግና አላደረገኝም። ከዚያ ወዲህ አጥፍቼ ሳለ አንድ ነገር ለመጠገን፣ ለማጽዳት፣ ለማሳመር ሌት ተቀን መሯሯጥ ስጀምር ቆም ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ «ልናገረው የሚገባኝን ላለመናገር ነው ወይ የምለፋው?» እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አዎ ነው። «አላውቅም» እና «እኔ ነኝ» የሚሉትን ሁለት መልሶች ለመማር ከማሠልጠኛ የበለጠ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ያስተማረችኝም የጅጅጋው መኪና ልትነሳ ስትል የሆነችው ነገር ናት።

ሻንጣዬን አስጭኜ ስቆም እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲመጡ አየሁ። ሊያመሰግኑኝ ነው ብዬ የምመልሰውን ትሑት መልስ አዘጋጀሁ።

«ደህና ግባ» አሉኝ። ከዚያ በፊት አንተ ብለውኝ አያውቁም።

«እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ አስካለ፣ ዋናው እርስዎ…»

«አመስግኚው ብለው ነበር ጎረቤቶቼ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ግን አልችልም፤ ይቅር በለኝ። ያን ሦስት ቀን ልጄ ከትምህርቷ ቀርታ እስከ ሐኪም ጋራ ተራራ ድረስ ቤት ኪራይ ስትጠይቅ ነበር። ሁሉም በር ላይ ምን አጥፍታችሁ ነው ይሏታል። አሥራ ሁለት ዓመት አንድ መርፌ ያልወሰድኩ ሴት፣ ልጄ ፊት ሌባ መሰልኩ። አንተ ዓሣውን ስታስታምም በመስኮት አይህ ነበር። ቢሮው እኮ እዚያው ነበር።»

ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ክፍል የሚጠረግበት ሰዓት ደርሶ ነበርና፣ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።